ግራና ቀኝ

ርሖቮት፣ ከገበያ ማዕከሉ፣ ከሁለተኛው ፎቅ፣
ሁለት ጠርሙስ ፊቴ ቆሟል፣ አንዱ ጥቁር አንዱ ወርቅ፤
የፋሲካ ስጦታ ካርዴ ቦርሳዬ ውስጥ ይሞቃል፣
ሽቶ ልገዛ ነው እኔ፤ ባሌ ቢሰማ ይስቃል።

ይሳቅ።
ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ጥርስ ስሠራ ኖሬ፣
በሰም ቀርጬ፣ ወርቅ አፍስሼ፣ ሞርጄ፣ አጥቤ፣ ሞክሬ፣
የላብራቶሪው ብናኝ ገብቶ ከሻሼ ከጸጉሬ፣
ማታ አውቶቡስ ስሳፈር
ጎኔ የሚቀመጠው ሰው መስኮት ይከፍታል በዘዴ፤
እኔም አብሬው እከፍታለሁ
የሌላ ሰው ሽታ መስሎ፤ ምን ይደረጋል እንግዴ።

ላሪሳ ናት ሻጭዋ፣ ከታሽኬንት የመጣች፣
በእኔ ዕብራይስጥ በእሷ ዕብራይስጥ መካከል ድልድይ የሠራች፦
«ወረቀት ላይ አትመኚ፤ ሽቶ ቆዳ ነው ቤቱ፤
ቀድሞ የሚያወራው ቅመሙ፣ ዘግይቶ ነው እንጨቱ።»
ጥቁሩን ቀኝ አንጓዬ ላይ፣
ወርቁን ግራ አንጓዬ ላይ
ረጭታ ላከችኝ፦ «ሲመሽ ነይ፤ ሲመሽ ይለያል እውነቱ።»

ቀኙ፦
ቀረፋና ቅርንፉድ፣ ከኋላው የኡድ ጨለማ፣
ሰርግ ቤት ቀድሞ የገባ፣ ድምፁ ከደጅ የሚሰማ፤
የቆዳ ወንበር፣ ወፍራም መጋረጃ፣
«ምን ልታዘዝ» የሚያስብል ግርማ።

ግራው ግን ዝም።
ትንሽ ቁንዶ በርበሬ፣ ትንሽ ሄል፣ ከዚያ ምንም።
ደጋግሜ ባሸተውም
እንደ አኩራፊ እንግዳ ነው፣ አይቀመጥም፣ አይሄድም።

ወጣሁ። የበረሃ ነፋስ ከተማውን ይጋግራል፣
የብርቱካን አበባ ሽታ ከአቧራው ጋር ይታገላል፤
ዓሣ ሻጩ ይጮኻል፤ ሽንኩርት የምትመርጥ ሴት
ቀና አለች ወደ እኔ፦ «ስሙ ማነው? የት ተገኘ? የት?»
ቀኙን ነው።
ልጄ ሊአት ስልኳን ትታ እጄን ጎትታ አሸተተች፦
«እማ! ይኼን! ቀኙን! ሀብታም ሀብታም ትሸቻለሽ» አለች።
ሁሉም ሰው ቀኙን ነው።
ግራውን ማን ይጠይቃል?
እንደ ድሃ ዘመድ ተሸማቆ
ከኪሴ ገብቶ ከጎኔ ይሄዳል።

ከሕንጻችን ሥር፣ ከጥላው፣ አያ ድንበሩ ተቀምጧል፣
ሰማንያ ሦስት ሞልቶታል፣ አንድ ዓይኑ ደመና ለብሷል፤
ወገራ ሳለ አናጺ፣ እዚህም መጥቶ አናጺ፣
ሁለት ጣቱን ለመጋዝ የከፈለ።

ቀኝ እጄን ሰጠሁት። አሸተተ፤ ራሱን ነቀነቀ።
«የተቀባ በር ነው» አለ፤ «ቫርኒሹ ነው የደመቀ።
ከሥሩ እንጨት ይኑር አይኑር እኔ አልምልልሽም፤
ቀለም የሚያበዛ አናጺ የሚደብቀው አያጣም።»

ግራውን ሰጠሁት።
ሦስት ጣት በቀረው እጁ አንጓዬን ይዞ ቆየ፣
በደመናው ዓይኑ በኩል የሆነ ነገር ያየ።
«ይኼ» አለ፣ «ሲሰነጠቅ ነው። ገና ጧት ነው፣ ጤዛ አለው።
ዝግባው መውደቁን አላወቀ፣
ምን እንደሚሆን ዕጣውን ከማንም ሰው አልጠየቀ፤
አልጋ ይሁን፣ ደፍ ይሁን፣ የሕፃን መተኛ...»
አልጨረሰም።
እጄን መለሰልኝ፣
እንደ ተበደሩት ዕቃ፣ በሁለት እጁ፣ ቀስ ብሎ።

ሲመሽ አሸተትኩ። ቀኙ ደክሞት ተኝቷል፣
እንደ ሰርግ ማግስት፣ ዳሱ ፈርሶ ወንበሩ ተከምሯል።
ግራው አሁን ነቅቷል።
ከቅመሙ ሥር እንጨቱ፣ ከእንጨቱ ሥር የኔ ቆዳ፣
ከብናኙ በፊት የነበረች፣ ለራሴም እንግዳ።

ላሪሳ መብራት ስታጠፋ ደረስን። «እሺ፣ የቱ ነው?» አለችኝ።
የዕብራይስጡ ቃል ጠፋብኝ፤ አማርኛዋ ቀደመችኝ፦
«ግራ ገባኝ።»
ሊአት ከት ብላ ሳቀች፦ «አልወሰነችም ማለት ነው!»
ላሪሳም ሁለቱን ጠርሙስ እንደገና ልታነሣ።

ጥርስ የሠራ ሰው ያውቃል፣
ሰሙ ቀልጦ ሲፈስ የሚቀረውን።
«አይደለም» አልኩ። «ግራው ነው የገባኝ። እሱን ጠቅልይው።»

ካርዱ ስልሳ ሸቅል ጎደለው።
በግራ እጄ ቆጥሬ ሰጠኋት።